በቀል ከደረጃ ሥር

አባቴ በቀለ ይባላል። በቀል የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ስም ያወጡለት ሰዎች መጨረሻዋ ፊደል ላይ ተሳስተው ይሁን ወይ እሱ ስሙን በደንብ ሳያነበው ቀርቶ አላውቅም። ብቻ ለሱ የተላከው በቀል በሙሉ እኔ ጋ ነው የደረሰው። እኔ ታክሲ ውስጥ እግሬን የረገጠኝን ሰውዬ መልክ እስካሁን የያዝኩ ሰው ነኝ። ሰውዬው ይቅርታ ብሎኛል። መልኩን ግን ይዤዋለሁ።

ስለዚህ እነዚያን ስልክ ላይ የሚነበቡ ረጃጅም ልብ ወለዶች ያገኘሁ ቀን ዘመዶቼን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ካላወቃችኋቸው ልንገራችሁ። ከሩቅ ምሥራቅ ተጽፈው ወደ እንግሊዝኛ ተገልብጠው ነው የሚመጡት። እንግሊዝኛውም እንደኔ አስረኛ ክፍል ላይ የወደቀ ስለሆነ ተግባብተናል። ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። አንድ የተናቀ ልጅ አለ። አባቱን ይገሉበታል፣ እጮኛው ትከዳዋለች፣ እሱን ደሞ ገደል ይጨምሩታል። ገደሉ ሥር ቀለበት ያገኛል። ቀለበቱ ውስጥ የሞተ ሽማግሌ ነፍስ አለች፣ ሽማግሌው ምሥጢር ያስተምረዋል። ከዚያ ልጁ ደረጃ በደረጃ ኃይሉ እያደገ ይወጣና የናቁትን አንድ ባንድ ይለቅማቸዋል። ምዕራፉ ሺህ ያልፋል። ሥራ የሌለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሥራ የለኝም ስል ጭራሽ የለኝም ማለቴ አይደለም። ምድር ቤት ሁሴን ልብስ ሰፊው ጋ ልብስ እተኩሳለሁ። ሁሴን የወሎ ሰው ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ጨዋታ ካገኘ ግን ልጆቹንም መርፌውንም ይረሳል። በግራ እጄ ስልክ በቀኝ እጄ ካውያ ይዤ፣ ስንቱ ሱሪ ላይ ሁለት ሁለት መስመር እንዳወጣሁ እሱ ነው የሚያውቀው። አንድ ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ሱሪ የማነው፣ የባቡር ሐዲድ ነው እንዴ?» ብሎታል። እኔ ያኔ ምዕራፉ ውስጥ ሰው እየገደልኩ ስለነበር መልስ አልሰጠሁም።

አሁን ወደ ሐዘኑ ልግባ።

እኛ ድሮ ጌጃ ሰፈር ነበርን። እናቴ እዚያው ሳለን ነው የሞተችው። ኮንዶሚኒየሙን አላየችውም። ደረጃውንም አላየችውም ብዬ እጽናናለሁ። ሰፈሩ ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ዕጣው አራተኛ ፎቅ ላይ ጣለን። ሊፍት የለም። ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣና እሱም እንደ ሰው ይደክመዋል፣ ከዚያ በላይ በጀሪካን ነው።

አባቴ ጫማ ሠሪ ነው። ጌጃ ሰፈር በራችን ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚሠራው። እዚህ በር የለም፣ ኮሪደር ነው። ዞር ዞር ሲል የብሎካችን ደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ቦታ አየ፣ ሰው ቆሞ የማይገባባት። የቆርቆሮ በር ሠራላት፣ ሳጥኑን፣ መዶሻውን፣ ወስፌውንና ጫማ የሚያለብሰውን ብረት እግር ይዞ ገባባት። ማታ ይቆልፋታል፣ ጠዋት ይከፍታታል። ሲሠራ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ያንጎራጉራል። ግጥሙን ማንም ሰምቶት አያውቅም፣ የሚሰማው ሚስማሩ ነው። ግን ከታክሲ ወርደህ ወደ ብሎኩ ስትገባ ያንን ድምፅ ከሰማህ ቤትህ ደርሰሃል ማለት ነው።

ታዲያ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሰው አሉ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ውሃው የሚደክምበት ሳይሆን የሚያርፍበት ላይ ነው የሚኖሩት። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸው ከሥራ ወጡ እንጂ ስብሰባው ከሳቸው አልወጣም። አፋቸውን ሲከፍቱ «በመሠረቱ» ነው። ቢያስነጥሱ ራሱ «በመሠረቱ» ብለው የሚያስነጥሱ ይመስለኛል። አንድ እሁድ ስብሰባ ጠሩና፣ በመሠረቱ የማስቲሽ ሽታ ለብሎኩ ገጽታ ጥሩ አይደለም፣ በመሠረቱ ደረጃ የጋራ ነው አሉ። አባቴን ከደረጃው ሥር አስነሡት። የብሎኩ ሰው ሁሉ፣ ያ አባቴ የሰፋለትን ጫማ ተጫምቶ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ፣ ጫማውን እያየ ዝም አለ።

አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ» አለ።

እሺ። ሳጥኑን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ወጣ። እኔ ጋ ያለው በቀል ግን አልወጣም፣ እዚያው ደረጃው ሥር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በረንዳ ላይ ሆነ። ጫማው የተበጠሰበት ሰው አራት ፎቅ ወጥቶ አይመጣም። ከመጣ ጫማው ደህና ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ የኔን ጫማ ሰፋ። ከዚያ የሰፋውን ፈቶ ደግሞ ሰፋ። ነጠላ ጫማዬ ላይ ሶል ለጠፈበት፣ ሽንት ቤት ስሄድ ቁመቴ ይጨምራል። ቀስ በቀስ ያም አለቀ። ሚስማር በከንፈሩ ይዞ በረንዳው ላይ ቁጭ ይልና ባቡሩ ሲያልፍ ያያል። አያንጎራጉርም። ከታች ያቺ የቆርቆሮ በር እንደተዘጋች ቀረች። ስወጣ ስገባ ሳያት ደሜ ይፈላል። ባዶዋን። ለማንም ሳትሆን።

እና በቀል ጀመርኩ። በምን? በስልክ።

ስልኬ ላይ ቻናል ከፍቼ፣ ስሜን «ጥቁር ዘንዶ» ብዬ፣ በአማርኛ የራሴን ልብ ወለድ በየሁለት ቀኑ መልቀቅ ጀመርኩ። ዓለም መሥራት ከባድ ነው የሚል ሰው ኮንዶሚኒየም ያልኖረ ነው። «የደመና ግንብ» አልኩት። ባለ አራት ሰማይ ነው። የሕይወት ውሃ ከሁለተኛው ሰማይ በላይ አይወጣም። ሁለተኛው ሰማይ ላይ «የደረጃው ጌታ» የሚባል ክፉ አለቃ ተቀምጧል። ከግንቡ ሥር ደሞ የጀግናው አባት፣ ምስኪን ጫማ ሠሪ፣ ዋሻ ነበረው።

እውነቱን ልናገር፣ ዓለም በመሥራት እነዚያ የሩቅ ምሥራቅ ጸሐፊዎች ሲጀምሩ አንደኛ ናቸው፣ ሲቆዩ ግን ይሸወዳሉ። ጀግናው አንዱን ሰማይ በደም ጨርሶ ሲወጣ «ይሄ እኮ የታችኛው ዓለም ነው፣ እውነተኛው ከላይ ነው» ይሉታል። ያንን ሲጨርስ ሌላ። ፎቅ ብቻ ነው የሚጨምሩት። ግንቡን ማን ይጠርገዋል? ደረጃው ላይ የፈሰሰውን ደም ማን ያጥባል? ያ ሁሉ ጎራዴ የያዘ ሰው ጫማው ሲቀደድ የት ይሄዳል? አይነግሩህም። የኔ ግንብ ጫማ ሠሪ ስላለው በዚህ እበልጣቸዋለሁ።

ጫማ ሠሪውን ምዕራፍ አንድ ላይ ገደልኩት። ምን ላድርግ? ሕጉ ነው። አባት ካልሞተ በቀል የለም። ከዋሻው ተባሮ፣ ልቡ ተሰብሮ፣ በልጁ እቅፍ ሞተ። ስጽፈው አለቀስኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት።

ፍቅርም ያስፈልጋል። ፍቅር ላይ እነዚያ ጸሐፊዎች ጭራሽ የሉበትም። ልጅቷ ሁሌም የክፉው ልጅ ናት፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘች፣ ማንንም የማታይ። አንድ ቀን ጀግናው ደም ሲተፋ ታየዋለች፣ አለቀ። «አንተ…» ትላለች። ሦስት ነጥብ። መቶ ምዕራፍ ቆይታ ትመጣና ደግሞ «አንተ…» ትላለች። ፍቅሩ በሙሉ ነጥቦቹ ውስጥ ነው። ለኔ ግን ተመችቶኛል። ሴት ማናገር የማይችል ሰው ጽፎት፣ ሴት ማናገር የማይችል ሰው ሲያነበው መደማመጥ ነው።

ጋሽ መኮንን ልጅ አለቻቸው፣ ቤዛ። ዲግሪ አላት፣ ቢሮ ነው የምትሠራው። ከሷ ጋር አንድ ጊዜ አውርተናል። ሱቁ በር ላይ መጥታ «ሁሴን አለ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኳት። ሁሴን መስጊድ ነበር። እያየችኝ ትንሽ ቆመችና ሄደች። ይኸው ነው ፍቅራችን። ከዚያች «አለሁ» ተነሥቼ ስንት ምዕራፍ እንደጻፍኩ ብታዩ ታፍራላችሁ።

ሁሴን ወዲያው ነው የነቃብኝ። እንዴት ነቃህ ስለው ሳቀ። ለካ ክፉው አለቃ ሲናገር እጄ አምልጦኝ ነው። ጀግናው ጎራዴውን ሲመዝ የደረጃው ጌታ ጢሙን ዳብሶ ምን ይላል? «በመሠረቱ፣ ትሞታለህ» ይላል። ሁሴን መቀሱን ጥሎ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ያንን የመሰለ ጥፋት ምን ቢያደርገው ጥሩ ነው? ብሎካችን ውሃ መጣች፣ ውሃ ሄደች የሚባባልበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቀው።

በሦስተኛው ቀን ብሎኩ በሙሉ አንባቢዬ ሆነ። ሕፃናቱ ደረጃ ላይ በእንጨት እየተከታከቱ «በመሠረቱ ትሞታለህ» ይባባላሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ባላቸውን «በመሠረቱ ሽንኩርት አልገዛህም» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ሰፊ ደረት ይዤ እተኩሳለሁ። በቀል ማለት ይሄ ነው፣ ሰውዬው ደረጃ ሲወርዱ ሰው ሁሉ ሳቁን በእጁ እየያዘ ሲያሳልፋቸው። ጋሽ መኮንን ራሳቸው ምንም አልገባቸውም፣ ሰው ፈገግታ ስላበዛ ኮሚቴው የተወደደ መስሏቸው የሁለተኛ ስብሰባ ማስታወቂያ ለጠፉ።

ያናደዱኝ አንባቢዎቼ ናቸው። እነዚያ የሩቅ ምሥራቅ አንባቢዎች ምዕራፍ ሲወጣ «ግደለው»፣ «ነፍሱን አቃጥላት» ነው የሚሉት። የኔዎቹ ምን ይላሉ? «ሽማግሌ ይላክበት።» አንዷ እናት በድምፅ ልካልኛለች፣ «ልጄ ጥቁር ዘንዶ፣ ጎረቤት ናቸው እኮ፣ እስቲ ትልቅ ሰው ይግባበት» ብላ። ሰውዬው የጀግናውን አባት ገሎበታል እኮ! ትልቅ ሰው ገብቶ ምን ይላል? እኔ መለስኩላት፤ በዚህ ዓለም ሽማግሌ የለም አልኳት። እውነቴን ነው። ሺህ ምዕራፍ አንብቤ አንድ ሰው «ቆይ እስቲ፣ ሦስት ሰው እንላክ» ሲል አላየሁም። ያለው ሽማግሌ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ሙቱ ነው፣ እሱም ያስገድላል እንጂ አያስታርቅም። እዚያ በቀል ያማረው ለዚህ ነው። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሽማግሌ ቢላክ መጽሐፉ ያልቅ ነበር።

ይሄንን እየፎከርኩ ሳለ ሁሴን ሁለተኛውን ጥፋት አጠፋ። አባቴ አንድ ቀን ክር ሊለምን ወርዶ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ሲል፣ ሁሴን ጮክ ብሎ አነበበለት። ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ። እኔ ጀሪካን ልሞላ ወጥቼ ነበር። ስመለስ አባቴ የለም፣ ሁሴን ራሱን ያካል።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም። ጫማ ሠሪው ሲሞት ትንሽ ቆይ አለኝ። ቆየሁ። ከዚያ ቀጥል አለኝ።»

አራቱን ፎቅ ወጣሁ። ያን ቀን ስንት ደረጃ እንደሆነ አልቆጠርኩም፣ ግን ያ ሁሉ ጀግና ወደ ሰማይ ሲወጣ እንደኔ ጀሪካን አልተሸከመም። አባቴ በረንዳው ላይ ነው። ሚስማር ከንፈሩ ላይ የለም። ዞር ብሎ ሳያየኝ፣

«ለምን ገደልከኝ?» አለኝ።

«ለበቀሉ ነው አባዬ። ካልሞትክ አይሆንም።»

«አሃ» አለ። ባቡሩ አለፈ። ባቡሩ እስኪያልፍ ጠበቀና፣ «ሳልሞት ሰው ብትልክ አይሻልም ነበር?» አለኝ።

ያን ሁሉ ምዕራፍ ስጽፍ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ፣ አንድም ቀን ሁለት ትልቅ ሰው ይዤ ሁለተኛ ፎቅ በር ላንኳኳ አላሰብኩም። አባቴ የሚፈልገው ደም አይደለም። ያቺን ሰው ቆሞ የማይገባባትን ቦታ ነው። እሷን አጥቶ ደሞ ያ ምዕራፍ አንድ ላይ የጻፍኩት ነገር ዓይኔ እያየ በረንዳው ላይ እየሆነ ነበር።

ወርጄ ለሁሴን ነገርኩት። ሁሴን ጥፋቱን መካስ ፈልጎ ነበር መሰለኝ ወዲያው ተነሣ። አማቱን ሐጂ ይመርን ለመነ፣ ከልደታ ማርያም የአባቴን የነፍስ አባት ለመነ፣ ሦስተኛ ራሱ ሆነ። ከዚያ ለጋሽ መኮንን ደወለላቸውና «እሁድ ከጋሽ በቀለ ቤት ሽማግሌ ይዘን ልንመጣ ነበር» አላቸው።

ጉዳዩንስ? አልተናገረም። ሽማግሌ ጉዳዩን በስልክ አይናገርም፣ ነውር ነው።

አሁን እናንተ አስቡት። በአንድ ሕንፃ፣ ከላይ ያልተዳረ ወንድ አለ፣ ከታች ያልተዳረች ሴት አለች። ከላይኛው ቤት ወደ ታችኛው ቤት «ሽማግሌ ልንልክ ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጡት የሚጠባ ልጅ ያውቀዋል። ሁሴንስ አያውቅም? ያውቃል። ግን እሱ ሰሞኑን ደረጃ፣ ደረጃ ሲል ሰንብቶ ሌላው ነገር ከጭንቅላቱ ወጥቷል። እኔም ደሞ እሳት ላይ ነዳጅ አርከፍክፌ ነበር። ሐሙስ የለቀቅኩት ምዕራፍ ላይ ጀግናው «የደረጃውን ጌታ ልጅ እጇን ይዤ ከግንቡ አወርዳታለሁ» ብሎ ምሏል። እሱን ምዕራፍ ደሞ አንድ መልካም ጎረቤት ለጋሽ መኮንን ባለቤት ለእትዬ አስካለ አስነብቧቸዋል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሰዎች ሁለተኛ ፎቅ ገቡ። እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካን የማጥብ መስዬ ቆምኩ። የሚሰማኝ የወይዘሮዋ ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም አንዴ ብቻ ነው ከፍ ያለው። የቀረውን ኋላ ሁሴን ነው የነገረኝ፣ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ሳይለይ።

ሲገቡ ቤቱ ተሰናድቷል። አዲስ የሶፋ ልብስ። ጋሽ መኮንን ኮት ለብሰዋል። ተቀመጡ ሲሏቸው ሐጂ ይመር እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።

«ጋሽ መኮንን» አሉ፣ «እጅዎ ላይ ያለች አንዲት ነገር ልንለምንዎ ነው የመጣን። ለርስዎ ትንሽ ናት፣ ለጋሽ በቀለ ቤት ግን ሕይወት ናት።»

«በመሠረቱ ትንሽ አይደለችም» አሉ ጋሽ መኮንን።

ሐጂ ሰውዬው የሚያከብዱት ነገሩን ለማስወደድ መሰላቸው። እሺ ትንሽ አይደለችም፣ ግን ባዶዋን ከምትቀመጥ ብለን ነው አሉ።

«ባዶዋን የተቀመጠችው ማናት?» አሉ እትዬ አስካለ ከጓዳ።

ሐጂም፣ ኧረ ቁጣ አያስፈልግም፣ እኛ የመጣነው ስለ ደረጃዋ ነው አሉ።

«ደረጃዋማ ዲግሪ ነው!» አሉ እትዬ አስካለ። «የሱስ ደረጃ ምንድነው? አስረኛ አይደል የወደቀው?»

ሐጂ ይመር ግራ ገባቸው። ደረጃ ዲግሪ ሲኖራት በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። ዞር ብለው ቄሱን አዩዋቸው። ቄሱ ነገር ማለስለስ ይወዳሉ። ቀስ ብለው፣ ጠዋት ጠዋት ገብቶባት ሲመሽ ቆልፎባት ይወጣል፣ አታስቸግርም፣ ድሮም ለምዷት ነበር አሉ።

ጋሽ መኮንን ከሶፋው ተነሡ። «ማነው የለመዳት? ያ ልጅ?»

«ኧረ ልጁ ምን ያደርግላታል» አሉ ቄሱ ለማረጋጋት። «የፈለጓት አባትየው ናቸው።»

«አባትየው?» አሉ እትዬ አስካለ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የተሰማኝ ይሄ ነው። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀና እየተንከባለለ በራቸው ድረስ ሄደ።

ሁሴን እዚህ ጋ ነው የበራለት። መሐል ገብቶ፣ ቦታዋን ነው፣ ቦታዋን ነው፣ ከደረጃው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ በር ያላትን ነው፣ ጫማ ሊሠሩባት ነው አለ።

ጋሽ መኮንን ቆመው እንዳሉ ሦስቱን በየተራ አዩ።

«ደረጃዋን ብቻ ነው?»

«ደረጃዋን ብቻ ነው።»

«ልጄን አይደለም?»

«አላህ ያሳያችሁ፣ ማን ልጅ አነሣ?» አሉ ሐጂ።

ያኔ፣ ይላል ሁሴን፣ ያኔ የጋሽ መኮንን ፊት እንደ ጠዋት ፀሐይ ፈካ። ሳቁ። እትዬ አስካለ ከጓዳ ወጥተው አማተቡ፣ ተመስገን አሉ፣ እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። ጋሽ መኮንን የሐጂን እጅ ይዘው አልለቅም አሉ። ውሰዷት አሉ፣ በመሠረቱ የሁላችንም ናት አሉ፣ በመሠረቱ አምፖልም አስገባላቸዋለሁ አሉ። በመሠረቱ ኮሚቴውን እኔ አናግራለሁ አሉ። ምሳ በሉ፣ ተጨዋወቱ፣ ተመራርቀው ወጡ።

ይሄንን ሁሉ ነግሮኝ ሲጨርስ ሁሴን ዓይኑን ጠርጎ «አሸነፍን» አለኝ።

አሸነፍን። እስቲ አስቡት፣ ያ ሁሉ ምዕራፍ ያላስመለሰውን ቦታ እኔ አማች አለመሆኔ አስመለሰው። ሰውዬው ደረጃውን የሰጡት አዝነው አይደለም፣ ተጸጽተው አይደለም። ከኔ ስላመለጡ የተሰጠ ምስጋና ነው። ሺህ ምዕራፍ አንብቤ እንዲህ ያለ ምት አላየሁም፣ ጎራዴውን ሳይመዝ ጠላትህ በደስታው ብቻ ሲገድልህ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ሳጥኑን ተሸክሞ ወረደ። ላግዝህ ስለው እምቢ አለኝ። ቆርቆሮዋን ከፈተ፣ አቧራዋን አራገፈ፣ ሚስማሩን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በረፋዱ ከታክሲ ወርጄ ወደ ብሎኩ ስገባ ያ ግጥም የሌለው ነገር ተሰማኝ። ቆሜ ትንሽ ሰማሁት። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ገና ሳልጠግበው ከላይ አንዱ ጎረምሳ በደረጃው አንገቱን አሰግጎ «አማቹ፣ ደረጃ አገባህ አሉ?» አለኝ። ወሬው ደርሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በብሎካችን ስሜ አማቹ ነው። አንዷ ሴትዮ ደረጃ ስትጠርግ ሳልፍ መጥረጊያዋን አቁማ «ባለቤትህን ንጹሕ አድርጌልሃለሁ» ብላኛለች። ትልቅ ሰው ስለሆነች አልመለስኩላትም። መልኳን ግን ይዤዋለሁ።

ልብ ወለዱንም ለማስታረቅ ሞከርኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሦስት ሽማግሌ ወደ ሁለተኛው ሰማይ ወጡ፣ የደረጃው ጌታ ዋሻውን መለሰ፣ ምሳ ተበላ። እነዚያው «ሽማግሌ ይላክበት» ሲሉኝ የነበሩ ሰዎች ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «ደም የት አለ?» አሉ። አንዱ «ደራሲው ፈራ» ብሎ ጻፈ። ከቻናሉ ወጥተው አለቁ። አሁን ገባኝ፣ ሰው እርቅ የሚወደው ለጎረቤቱ ነው፣ ሲያነብ ግን ደም ይፈልጋል። ጥቁር ዘንዶም ቻናሉን ዘጋ።

አባቴ ብቻ ጠየቀኝ። ጫማ እየሰፋ፣ ቀና ሳይል፣ «ታሪኩ ላይስ፣ ተነሣሁ?»

«ሞተሃል አባዬ። እዚያ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ትንሽ አሰበ። «ቀለበት ውስጥ አስገባኝ» አለ። ለካ ሁሴን የሌሎቹንም ተርኮለታል።

ካውያ በሌለ ቀን አሁን አባቴ ጋ እየተቀመጥኩ ቀለም እቀባለሁ። ሁለት ሰው ለመግባት አንዱ መታጠፍ አለበት፣ የምታጠፈው እኔ ነኝ። አንድ ዓርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ እንዲህ ታጥፌ ሳለሁ ከፊቴ ሁለት እግር ቆመ። ቀና ስል ቤዛ ናት። ነጭ ጫማ ይዛለች፣ ታኮው ጥቁር፣ አንዱ ተገንጥሏል። ሰላም ጋሽ በቀለ አለች፣ እንደምን ዋሉ አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ዘንዶው አንተ ነህ?»

«አለሁ» እንዳልል ምላሴን ነክሼ ይዤው ነበር።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «ደህና ነው፣ አባቴን በደንብ ነው የሠራኸው። ያቺ ልጅ ግን ስም የላትም?»

«ኋላ ላይ ሊወጣላት ነበር» አልኳት።

«ልጅቷ አትናገርም እንዴ? ያን ሁሉ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው።»

ምን ልበል? የፍቅር አጻጻፉ እንደዛ ነው ልበላት? እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም፣ ወደ አባቴ ዞራ ለእሁድ ይደርስልኝ ይሆን አለችው።

«እሁድ ምን አለ?» አለ አባቴ።

«ሽማግሌ ይመጣል።»

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ አየሁ። «ለደረጃው?» አላት።

ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። «አይ፣ የአሁኑ ለኔ ነው» አለች።

አባቴ ዓይኑን ወደኔ ሊያዞር ጀምሮ መለሰው። እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ አላት፣ ነገ ይደርሳል አላት። ልትሄድ አንድ ደረጃ ወጥታ ቆመች፣ ጎንበስ ብላ ከብረቱ መሐል አየችኝ።

«አንተ…» አለች።

ሦስት ነጥብ። በዓይኔ አየኋቸው፣ አንድ ባንድ፣ አየር ላይ ተንጠልጥለው። ካውያ የያዝኩ ቢሆን ኖሮ ሱሪ አቃጥል ነበር።

«…ጥቁሩን ስትቀባ ነጩን እንዳትነካብኝ።»

ኮቴዋ በጭንቅላታችን ላይ አልፎ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። አባቴ ታኮውን ለጥፎ፣ በመዶሻ መትቶ፣ ሳይናገር አቀበለኝ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። ታኮውን ጥቁር ቀባሁት። ነጩን አልነካሁም።